ግርግር ለማን ይመቻል?

መቼም አንዳንድ ተረት አለ፤ ዕድሜ ልካችንን ስንለው ኖረን እውነት ይሁን ውሸት አንድ ቀን እንኳን ጠይቀነው የማናውቅ። “ግርግር ለሌባ ይመቻል” የሚለው ለእኔ እንደዚያ ነበር። ለቅሶ ቤት ጃንጥላ ሲጠፋ ብዬዋለሁ። ክፍል ውስጥ ፈተና ሲታደል ተማሪዎቼ ሲንጫጩ ብዬዋለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሞባይሉ የተወሰደበትን ሰው ለማጽናናትም ብዬዋለሁ (እንዴት እንደሚያጽናና ዛሬም አይገባኝም)። ይህንን ተረት ቆም ብዬ እንድመረምረው ያስገደደኝ ሶማሌ ተራ ነው። በትክክል ለመናገር አንድ የቀኝ ስፖኪዮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከእኔ ጋር አብራ ያረጀችው ዲኤክስ ቶዮታዬ ደጅ አድራ ጠዋት ብወጣ የቀኝ ጆሮዋ የለም። የሰፈሩ ዘበኛ ምንም አልሰማም። ውሻውም አልጮኸም። እኔ ራሴ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት መጽሐፍ ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ኮሽ ያለ ነገር የለም። ጎረቤቴ ወጥቶ የተቆረጡትን ሽቦዎች አየና “ምን ይጨንቅሃል መምህር፣ ሶማሌ ተራ ሂድ። ዕድለኛ ከሆንክ የራስህኑ ታገኘዋለህ” አለኝ። የአዲስ አበባ ባለመኪና ሁሉ የሚያውቀው ቀልድ ነው። ስቀን ተለያየን። ልብ በሉልኝ፣ ስቀን ነው የተለያየነው።

ከመርካቶ ጋር ከተራራቀ ዓመታት የሆነው፣ ድሮ አብሮኝ ያስተምር የነበረ አንድ ወዳጄን አስከትዬ ሄድኩ። ገና ከመኪና ወርደን ሃያ እርምጃ ሳንራመድ ሁለት ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ይዞ “ኧረ እንዴት ያለ ግርግር ነው እባክህ! እዚህ ሌባ ባይኖር ነበር የሚገርመኝ!” አለ።

እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ተረቱ አብሮኝ ነበራ!

እዚያ ቆሜ ዕቃዬን ስጠብቅ ግን ጆሮዬ ሥራ ፈታና ማዳመጥ ጀመረ። እስቲ እናንተም አብራችሁኝ አዳምጡ። ከወዲያ፣ ከምን አለሽ ተራ በኩል፣ የብረት ቀጥቃጮቹ መዶሻ ይመጣል፤ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ይጥላል እንጂ ሁለቱ አይጋጩም። ከወዲህ አንድ ልጅ የተጨማደደ ፓራውልት ያቃናል። ተሸካሚው ከጀርባዬ “ዞር በል! ዞር በሉ እናንተ!” ይላል፤ ባይል ኖሮ የተሸከመው ሞተር እኔ ላይ ነበር የሚያርፈው። ረዳቱ መኪና ያስገባል፤ “ና… ና… ና… በቃ!” ይላል፤ “በቃ” ባይል የአንዱ ኮፈን የሌላውን ፍሬቻ ይሰብራል። አንድ መካኒክ ደግሞ ሞተር አስነስቶ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኗል። በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል አንዲት ትንሽ ቲክ ቲክ እየፈለገ ነው። አገኛት። “ቫልቩ ነው” አለ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር።

ሃያ ዓመት ስለ ግጥም ምት አስተምሬያለሁ፤ እንደዚያ የሚያዳምጥ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም።

ወዳጄ “ግርግር” ያለው እንግዲህ ይህንን ነው። እያንዳንዱ ድምፅ ባለቤት አለው፣ ሥራ አለው፣ አድራሻ አለው። ስሙንስ ብታዩት! ሶማሌ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ አውቶቡስ ተራ። “ተራ” ማለት እኮ ረድፍ ማለት ነው፤ ወግ ያለው አሰላለፍ፣ “ተራህን ጠብቅ” የምንልበት ቃል። ጥጉን ሁሉ በረድፍ ስም የሰየመን ገበያ ትርምስ ነው እንላለን። ለነገሩ “ተራ” ሌላም ትርጉም አለው፤ ተራ ሰው፣ ተራ ነገር። የምንሰማው በየትኛው ትርጉም እንደሆነ የሚወሰነው በቆምንበት ቦታ ሳይሆን አይቀርም። አዳራሽ ውስጥ አምስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራና ድምፅ ማጉያው ሲያደነቁረን “ሞቅ ደመቅ ያለ ድግስ ነበር” እንላለን። ላቡን እያንጠፈጠፈ የሚሠራ ሰው ሲሆን ነው ግርግር የሚሆነው።

ገበያውንስ እዚያ ማን አመጣው? ጣሊያን በወረራው ዘመን አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ሲገፋው፣ ዓላማው ነጩ በአንድ ወገን፣ አገሬው በሌላ ወገን እንዲኖር ነበር። መርካቶ የሚለው ስም ከዚያ የቀረ ነው። ስፖኪዮም፣ ፍሬቻም፣ ፓራውልትም፣ ካቻቢቴም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ቃላቱን ወስደን አማርኛ አድርገናቸዋል፤ ደግ አደረግን። ከሩቅ ሆኖ “የእነሱ ወገን” ብሎ የማየቱን ነገር ግን እንዲሁ ሳንነካው የያዝነው ይመስለኛል።

ወደ ስፖኪዮው ልመለስ። አንድ ወጣት ጠጋ አለኝ።

“ጋሼ፣ ምን ልርዳዎት?”

“ስፖኪዮ። የዲኤክስ። የቀኝ።”

ይህንን ስል ድምፁ ተቀየረ። ከዚያ በፊት ከመንገዱ ማዶ ካለ ጓደኛው ጋር እየተጯጯኸ ነበር፤ አሁን ግን የሚናገረው ለእኔ ብቻ ሆነ። “አሥር ደቂቃ ይታገሱኝ” አለና ሄደ። በስምንት ደቂቃ ተመለሰ፤ ዕቃው በጋዜጣ ተጠቅልሏል። ወደ ግድግዳ ዞር ብለን አየነው። ዋጋ የተከራከርነው በሹክሹክታ ነበር። እሱ ብቻ አይደለም፣ እኔም! ማንም ዝም በል ያለኝ ሳይኖር ድምፄ ራሱ ዝቅ አለ።

“ደረሰኝ አለው?” አልኩ፤ ለወጉ ያህል።

“ጋሼ ደግሞ! በደረሰኝ ከሆነማ አዲሱን ይግዙ።”

ከፈልኩ። ከጀርባው፣ ፕላስቲኩ ላይ፣ የታርጋ ቁጥር ተቀርጾበት ነበር። እንደምታውቁት ሰው እንዳይሰረቅበት ብሎ ያስቀርጻል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቀውታል፤ ግን ችኮላ ስለነበረ ሦስቱ ቁጥሮች ይነበባሉ። አየኋቸው። የእኔ አልነበሩም። ጠቅልዬ ያዝኩት።

ማታ ባለቤቴ ዕቃውን አገላብጣ “ቁጥር አለበት እኮ፣ አላየኸውም?” አለችኝ።

“እዚያ ግርግር ውስጥ ደግሞ ማን ቁጥር ያያል!” አልኳት።

አያችሁ? ከአፌ የወጣው ቃል ይኸው ነው። ስርቆቱ የተፈጸመው በሌሊት ጸጥታ ነው። ግዢው በሹክሹክታ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግርግር የሚባል ነገር በአጠገባችን አላለፈም። ሌባው ያስፈለገው ጨለማና ዝምታ፣ ሻጩ ያስፈለገው ዝግ ያለ ድምፅ፣ ገዢው ያስፈለገው ደግሞ ቃል ነበር። ቃሉን ከየት አመጣሁት? ከተረቱ ነዋ! የሚመቸው ለሌባ ነው ሲሉኝ ኖሬ፣ ሲመቸኝ የተገኘሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህንን ቃል ስከታተለው ኖሬያለሁ። የድሮ ሙያዬ አይለቀኝምና አማርኛ ለድምፅ ያለውን ስም ከጎኑ አሰልፌ አየሁት። ጩኸት አለ፤ የአንድ ጉሮሮ ነው፣ ማን እንደጮኸ ይታወቃል። ጫጫታ አለ፤ የብዙ ትንንሽ አፎች ነው፣ የልጆች፣ የወፎች። ኳኳታ የዕቃ ነው፤ አንዱ ሌላውን ሲመታ። ሁካታ የሰው አፍ ነው፤ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲናገር። ሁሉም ከየት እንደመጡ በውስጣቸው ይናገራሉ። ግርግርስ? “ሰዉ ግር ብሎ መጣ” እንላለን፤ ይህ የእግር ነገር ነው። “ነገሩ ግር አለኝ” እንላለን፤ ይህ የራስ ነገር ነው። ቃሉ ሁለቱን “ግር” አንድ ላይ ደርቦ የያዘ ይመስለኛል፤ ብዙ እግርና አንድ ግራ የገባው ራስ። (ሥርወ ቃሉን ለባለሙያዎቹ ልተወው፤ እኔ የምናገረው ጆሮዬ የሚሰማውን ነው።) እና ማን እንዳደረገው በውስጡ የለም። ሰው ይጮኻል፣ ልጆች ይንጫጫሉ፣ በር ይንኳኳል። ግርግር ግን “ይነሣል”፣ “ይፈጠራል”። እንደ አቧራ። “ግርግር ፈጣሪዎች” የሚል አነጋገርም አለ አይደል? አለ፤ ግን እነሱም ሁልጊዜ “አንዳንድ” ናቸው።

በቤት ውስጥ ሲሆን ክፋት የለውም። የበዓል ዋዜማ ግርግር፣ የሠርግ ግርግር፣ ዶሮውና ሽንኩርቱ፣ የእንግዳው መግባትና መውጣት፤ ደስ የሚል ቃል ነው፣ አትንኩብኝ። ጉዳዩ የሚለወጠው ቃሉ ከጓዳ ወጥቶ አደባባይ ላይ ሲቆም ነው።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሠራዊት ከሠራዊት ጋር በከተማ መካከል ተዋጋ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በአረንጓዴው ሳሎን፣ ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ባለሥልጣናት በጥይት ተደበደቡ። ጄኔራል መንግሥቱ በዚያው ዓመት በመጋቢት ተሰቀሉ። ያ ቤተ መንግሥት ብዙም ሳይቆይ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ስድስት ኪሎ የተማረ ሁሉ በደጁ አልፏል። እንግዲህ የአድራጊዎቹ ስም ይታወቃል፣ የሟቾቹ ስም ይታወቃል፣ ቀኑና ክፍሉ ሳይቀር ይታወቃል። እኛ ስሙን ምን አልነው? “የታኅሣሥ ግርግር”። ብርሃኑ አስረስ ስለዚያ ጊዜ የጻፉት መጽሐፍ እንኳን በርእሱ ይህንኑ ቃል ይዟል፤ ምን ያድርጉ፣ አንባቢ ነገሩን የሚያውቀው በዚህ ስም ነዋ። ለዘውዱ ያለቀሰውም፣ ለንዋይ ልጆች ያለቀሰውም በአንድ ነገር ተስማማ፤ ግርግር ነበር ተባባሉ። ለአንዱ ወገን ቃሉ ዓመፁን ያሳንስለታል፤ ለሌላው ግድያውን ይሸፍንለታል። ለሁለቱም ተመቸ።

አርባ አምስት ዓመት ያህል እንለፍ። ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ከዚያም ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ቀናት፣ ከምርጫው ውጤት ጋር በተያያዘ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሰው ሞተ። መርካቶ ከዋና ዋናዎቹ ቦታዎች አንዷ ነበረች። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የቆጠራቸው ሲቪል ሟቾች 193 ናቸው፤ የሞቱ ፖሊሶችም ነበሩ። የጸጥታ ኃይሉ የወሰደው እርምጃ ተመጣጣኝ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ ኮሚሽኑ ራሱ ሲያከራክር ኖሯል። ቁጥሩ ግን አላከራከረም። ታዲያ ዛሬ ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ቤት ውስጥ ያ ጊዜ ሲነሣ ስሙ ምንድነው? “የዘጠና ሰባት ግርግር።” እኔም ብዬዋለሁ፤ “ያኔ በግርግሩ ጊዜ” ብዬ ስለ ቤት ኪራይ ሳወራ። 193 ሰው በግርግር አይሞትም፤ ሰው የሚሞተው በጥይት፣ በዱላ፣ በእሳት፣ በመኪና ነው፤ ከእያንዳንዱም ጀርባ እጅ አለ። ዜናው “በተፈጠረው ግርግር የሰው ሕይወት አለፈ” ሲል በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሰው ይሰውራል። ግርግሩ ራሱን ፈጠረ። ሕይወቱም ራሱ አለፈ፤ እንደ አውቶቡስ።

እዚህ ላይ “ቃል ነው፣ ምን ያደርጋል?” የሚል አይጠፋም። ያደርጋል እንጂ! የቃሉን ተቃራኒ እስቲ ፈልጉት። የግርግር ተቃራኒ ጸጥታ ነው፤ አይደል? “ጸጥ በል” ማለት አፍህን ዝጋ ማለት ነው። “የጸጥታ ኃይሎች” ማለት ግን ሰላም አስከባሪዎች ማለት ነው። “የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት” ስንል ደግሞ ዓለም ሁሉ አፉን እንዲዘጋ የተሰየመ ጉባኤ ይመስላል። ደኅንነትንና ድምፅ አልባነትን በአንድ ቃል ጠቅልለን ለልጆቻችን ስናስተምር፣ ድምፅ የሚያሰማ ሁሉ የሰላም ጠላት ሆኖ ቢታያቸው ምን ይገርማል? ተማሪ ሲጠይቅ ግርግር ነው። ነጋዴ ሲያጉረመርም ግርግር ነው። ጸጥ ካለ ደኅና ነው ማለት ነው።

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህንን ስሌት አይቀበልም። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥጥር ጉዳይ በርካታ የመርካቶ ሱቆች ተዘግተው በነበሩባቸው ቀናት ገበያዋ ጸጥ አለች። በቃሉ ሁለተኛ ትርጉም ከሄድን ያን ቀን መርካቶ ፍጹም ሰላም ነበረች ልንል ነው። የነገዱባት ሁሉ ግን ያስፈራቸው ያ ጸጥታ ነበር። ድምፅዋን ሲሰሙ ነው የሚተነፍሱት።

አንድ ነገር አምናለሁ፤ ድምፅ ይጎዳል። ጠዋት ማታ በድምፅ ማጉያ ስንታመስ የምንኖር ሰዎች ለድምፅ ጠበቃ ልንቆም አይገባም። ግን ሕጉ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225፣ ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም በጭስ፣ በሽታ፣ በድምፅ፣ በንቅናቄ ጎረቤቱን ከልክ በላይ እንዳያስቸግር ይከለክላል። አድራጊ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ልክ አለ። የአካባቢ ጥበቃው መመዘኛ ደግሞ ለንግድ ቦታ በቀን 65፣ በሌሊት 55 ዴሲቤል ብሎ ቁጥር ያስቀምጣል። ይህ ቋንቋ ነው የሚሻለን። ለካሁት፣ ይህን ያህል ሆነ፣ ከእገሌ መሣሪያ ነው የመጣው፣ ይቀንስ። “ግርግር ነው” ብሎ ጆሮን ይዞ መሄድ የሚረዳው ጆሮውን ይዞ የሚሄደውን ብቻ ነው። ያ ፓራውልት የሚያቃናው ልጅ ጆሮውን የሚይዝበት እጅ የለውም፤ በአንዱ መዶሻ፣ በሌላው ብረት ይዟል። በቀን ለስምንት ሰዓት ከ85 ዴሲቤል በላይ የሚሰማ ጆሮ ቀስ በቀስ እንደሚደነቁር የጤና ባለሙያዎች ያውቁታል። ላሜራ በመዶሻ ሲመታ ደግሞ 85ን በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ የዚያ ድምፅ የመጀመሪያ ተጎጂ ልጁ ራሱ ነው። የጆሮ መሸፈኛ ማን ገዛለት? ለማንስ አቤት ይላል? “ግርግር” ስንለው ልጁም ከስሙ ውስጥ ጠፋ።

ወዳጄን ይህንን ሁሉ ብዬ ሞገትኩት። “አንተ ደግሞ ከተረት ጋር ትጣላለህ” አለኝ። አዎ፣ እጣላለሁ። ጋዜጠኛው “ግርግር ተፈጠረ” ብሎ ሲጽፍ “ማን ፈጠረው?” ብሎ ራሱን ካልጠየቀ፣ ሹሙ “በግርግሩ መካከል” ብሎ ሲያልፍ ማንም ካላስቆመው፣ እኔም ለሚስቴ “በግርግር ገዛሁት” ብዬ ከተኛሁ፣ ሌባው ምን ጎደለበት? ወዳጄ ትንሽ ዝም አለና “ስፖኪዮውን መለስከው?” አለኝ።

አልመለስኩትም። ለማን? ሦስት ቁጥር ብቻ ነው ያለኝ። አንድ ጊዜ መስጊድ አጠገብ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ባንክ ደጅ የቀኝ ስፖኪዮ የሌላት መኪና ቆማ አይቼ፣ ሄጄ ታርጋዋን አነበብኩ። አልገጠመም። ሦስተኛ ጊዜ አይቼ ግን ማንበቡን ተውኩት፤ ቸኩዬ ነበር፣ ዝናብም ይዘንብ ነበር። ዲኤክሷ ዛሬም አለች። ወደ ኋላ ስሄድ የማየው በዚያው በሰው ስፖኪዮ ነው።